እናቴን ይዤ ቅንጡ ሆቴል ገብቻለሁ፣ በድምፅ ምክንያት እንቅልፍ የለም፤ በዚህ ሌሊት ደውሎ «ክፍል ቀይሩልን» ማለት ይቻላል?

የእማዬ_ልጅ | ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 8፡40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምጽፍላችሁ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነው። መብራቱ እማዬ ላይ እንዳይበራባት በሩን ገጥሜዋለሁ። እሷ የተኛች መስላ ጋደም ብላለች እንጂ አልተኛችም፤ ስትተኛ ትንፋሿ እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ።

እናታችን 31 ዓመት አስተምራ ዘንድሮ ጡረታ ወጣች። በዕድሜዋ ሙሉ አንድም ቀን ሆቴል አድራ አታውቅም። እኔና ሁለቱ ወንድሞቼ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት አጠራቅመን መሃል ከተማ ያለ ባለአምስት ኮከብ ሆቴል ሦስት ሌሊት ያዝንላት። እንድታርፍ ነበር ሐሳባችን።

ስንገባ ሁሉም ነገር ያማረ ነበር። ወለሉ እብነበረድ፣ አበባው ትኩስ፣ ሰዎቹ ትሁት። እማዬ ቦርሳዋን ለሻንጣ ተቀባዩ አልሰጥም ብላ እቅፏ ውስጥ ይዛ ወጣች። ክፍላችን አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሊፍቱ ቀጥሎ ሁለተኛው በር ነው። ጉዱ የታወቀው ማታ ነው። በእኛና በጎረቤት ክፍል መካከል በቁልፍ የተዘጋ በር አለ፤ የጎረቤታችን ቴሌቪዥን የሚያወራው ቃል በቃል ይሰማል። ሊፍቱ በቆመ ቁጥር ደወሉ ይጮኻል። ከግድግዳው ጀርባ ሰው ሲታጠብ ውሃው ራስጌያችን ላይ የሚወርድ ነው የሚመስለው።

«ልደውል» ስላት እማዬ «ተይ፣ በዚህ ሌሊት ሰው አታስቸግሪ፤ ይነጋል» አለችኝ። መንጋቱስ ይነጋል፤ ግን ከሦስት ሌሊቷ አንዱን ይዞባት ነው የሚነጋው።

ሌላም ያስጨነቀኝ ነገር አለ። ስንመዘገብ ካርዴን ተቀብለው ከክፍሉ ዋጋ በላይ የሆነ ገንዘብ «ለዋስትና» ብለው ያዙ። ከባንኬ የመጣልኝ መልእክት ግን «ተቀንሷል» ነው የሚለው። ለሦስቱ ቀን ይበቃኛል ብዬ የያዝኩት ገንዘብ አሁን ልጠቀምበት የማልችለው ሆኗል። ይህ የተለመደ ነው?

እባካችሁ፣ የነቃ ሰው ካለ።

ሌሊት_ፈረቃ | ከሌሊቱ 8፡52

እህቴ፣ አሁኑኑ ደውዪ። እኔ እንግዳ መቀበያ ላይ 11 ዓመት የሌሊት ፈረቃ ሠርቻለሁ። በዚህ ሰዓት የሚጠራ ስልክ ሥራችን ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የምንቀመጠው ለእሱ ነው።

ሰዓቱም ይጠቅምሻል። አሁን የዕለቱ ሂሳብ እየተዘጋ ነው። ክፍል ተይዞለት እስካሁን ያልመጣ እንግዳ ባብዛኛው አይመጣም። ስለዚህ ማታ 2 ሰዓት ላይ «ሞልቷል» ይል የነበረ ሰው በዚህ ሰዓት ባዶ ክፍል ሊያገኝልሽ ይችላል።

ስትደውዪ ግን «ድምፅ አለ» ብለሽ ብቻ አትተዪው። እንደዚያ ከተባልን የምንልከው ጥበቃ ነው። የጎረቤቱን በር አንኳኩቶ «እባክዎ ድምፅ ይቀንሱ» ብሎ ይመለሳል። ሊፍቱን ግን አንኳኩቶ ዝም የሚያሰኘው የለም። ይልቅ እንዲህ በዪ፦ «ክፍላችን ከጎረቤቱ ጋር የሚያገናኝ በር አለው፣ ሊፍቱም አጠገባችን ነው፣ እናቴ እስካሁን አልተኛችም። የመገናኛ በር የሌለውና ከሊፍት የራቀ ክፍል አላችሁ ወይ?» ምን እንደምትፈልጊ ከነገርሽው ኮምፒውተሩ ላይ የሚፈልገውን ያውቃል።

ምናልባት ከሞላ ደግሞ ቅሬታሽ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ጠይቂ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፈረቃ ሲቀየር የሚገባው ሰው መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው።

የእማዬ_ልጅ | ከሌሊቱ 8፡58

አመሰግናለሁ ወንድሜ። እጄ ስልኩ ላይ ነው። እማዬ ግን «ደግ ሰዎች ናቸው፣ አስቸጋሪ ናቸው እንዳይሉን» ነው የምትለው። እኔም ስንገባ ያዩን ዓይን ትዝ ይለኛል። ክፉ ዓይን አልነበረም፤ ግን ለቦታው አዲስ መሆናችን እንደታወቀ ተሰምቶኛል።

ዝም_ባይ | ከሌሊቱ 9፡03

እኔ በዚህ ሐሳብ አልስማማም። ያን ያህል ገንዘብ የሚከፈለው ሳይጠየቅ እንዲሟላ ነው። ደውሎ፣ አስረድቶ፣ ሻንጣ ጠቅልሎ ሌሊት ክፍል መቀየር ካስፈለገ የቅንጦቱ ትርጉም ምንድን ነው? ባለአምስት ኮከብ ነኝ የሚል ቤት ያንን ክፍል መጀመሪያውኑ ማከራየት አልነበረበትም። እኔ እንዲህ ሲገጥመኝ ምንም አልናገርም። ከፍዬ እወጣለሁ፣ ሁለተኛ አልመለስም።

ሌሊት_ፈረቃ | ከሌሊቱ 9፡07

@ዝም_ባይ ወንድሜ፣ አንተ ዝም ብለህ ስትወጣ እኔ ማን እንደተከፋ አላውቅም። ክፍሉን በማግስቱ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ። እሱም ዝም ብሎ ይወጣል። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ።

@የእማዬ_ልጅ ዓይኑን ተዪው፤ ደውዪ።

የእማዬ_ልጅ | ከሌሊቱ 10፡25

ደወልኩ። ልንገራችሁ።

ስልኩን ያነሳው ሰው እስከ መጨረሻው ሰማኝ። «ሁለት ደቂቃ ይስጡኝ» ብሎ መልሶ ደወለ። «ዘጠነኛ ፎቅ፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ አንድ ክፍል አለ፤ መስኮቱ ወደ ውስጠኛው ግቢ ስለሆነ የከተማው እይታ የለውም፣ ግን ጸጥ ያለ ነው» አለኝ። እይታው እንደሌለ አስቀድሞ መናገሩን ወደድኩለት።

ራሱ መጣ፣ ጋሪ እየገፋ። የጋሪው ጎማ እንዳይንኳኳ ምንጣፉን እየጠበቀ ነበር የሚነዳው። እማዬ ነጠላ ጫማ አድርጋ ስለነበር የመንገድ ጫማዋ አልጋው ሥር ቀርቶ ነበር። ጎንበስ ብሎ አወጣና ሁለቱን ጥንድ አድርጎ በእጁ ያዘው፤ ጋሪው ላይ አልጣለውም። ዘጠነኛ ፎቅ እስክንደርስ እንደዚያው ይዞት መጣ፣ በሩ አጠገብ አስተካክሎ አስቀመጠላት። እማዬ ይቅርታ ልትጠይቀው ስትጀምር ቀደማትና እሱ ይቅርታ ጠየቃት።

አሁን ተኝታለች። በእውነት ተኝታለች።

የድሮ_ቁልፍ | ጠዋት 1፡45

ልጄ፣ ደግ አደረግሽ። እኔ ጡረታ እስክወጣ 26 ዓመት ኮንሲየርዥ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ማለትም እንግዳው የሚፈልገውን ሁሉ የሚያፈላልገው ሰው። ኮቱ ክፈፍ ላይ ሁለት የተጠላለፉ የወርቅ ቁልፎች ያደረገ ሰው ሎቢ ውስጥ ካየሽ የ«ሌ ክሌ ዶር» ማኅበር አባል ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1929 ፓሪስ ውስጥ የተመሠረተ ነው፤ ቁልፎቹም ለጌጥ አይደሉም፣ ሙያውን ዓመታት ሠርቶ ያስመሰከረ ሰው ነው የሚያደርጋቸው። እንዲህ ያለ ሰው ካለ ሂጂና ነገ እናትሽ ምን ማየት እንደምትወድ ንገሪው። ለዚህ የተለየ ክፍያ የለውም፤ በክፍሉ ዋጋ ውስጥ ከፍለሽበታል። ብዙ ሰው ግን ሳይጠይቀው ይወጣል።

@ዝም_ባይ ላነሳኸው ነገር ልመልስ፤ ቁም ነገር አለውና።

ኮከብ የሚባለውን ሰዎች ከሚገባው በላይ ያምኑታል። ዓለም ሁሉ የተስማማበት አንድ የኮከብ መለኪያ የለም። አውሮፓ ውስጥ የተወሰኑ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2009 «ሆቴልስታርስ ዩኒየን» ብለው የጋራ መመዘኛ አወጡ፤ ሌላው አገር የራሱ አለው። ፈረንሳይ ከአምስት ኮከብ በላይ «ፓላስ» የሚል ማዕረግ ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ዱባይ ያለው ቡርጅ አል አረብ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲከፈት «ሰባት ኮከብ» ተብሎ ስሙ ናኘ እንጂ እንደዚያ ያለ ይፋዊ ደረጃ የትም የለም። ኮከብ ባብዛኛው የሚቆጥረው ያለውን ነገር ነው፦ ሊፍት አለ ወይ፣ እንግዳ መቀበያው ስንት ሰዓት ክፍት ነው፣ ክፍሉ ምን ያህል ይሰፋል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልክ የሚያነሳው ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ ኮከቡ አይነግርህም።

ሳይጠየቅ የሚሟላ ነገር አለ፤ ልክ ነህ። ንጹሕ አንሶላ፣ ሙቅ ውሃ፣ የሚዘጋ በር። ቦስተን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1829 ትሬሞንት ሀውስ ሲከፈት ለእያንዳንዱ እንግዳ በሩ የሚቆለፍ የራሱ ክፍልና ነጻ ሳሙና መስጠቱ ራሱ ወሬ ነበር። ፓሪስ ውስጥ ሴዛር ሪትዝ እ.ኤ.አ. በ1898 በስሙ የሚጠራውን ሆቴል ሲከፍት ለክፍሎቹ የየራሳቸውን መታጠቢያ ማድረጉ እንደ ብርቅ ታየ። ዛሬ እነዚህን ማንም አይጠይቅም፣ መጠየቅም የለበትም።

የሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። አንዱ እንግዳ የመንገድ ድምፅ ካልሰማ አይተኛም፣ ሌላው የሰዓት ቆጠራ ያነቃዋል። አንዱ ብቻዬን ተዉኝ ይላል፣ ሌላው ካላነጋገርከው ይከፋል። ይህንን ከፊት ለማንበብ እንሞክራለን፣ ብዙ ጊዜም እንሳሳታለን። ሪትዝ ካርልተን የሚባለው የሆቴል ድርጅት ሠራተኛው ሁሉ አለቃ ሳያስፈቅድ የእንግዳን ችግር ለመፍታት እስከ 2,000 ዶላር እንዲያወጣ ሥልጣን መስጠቱ በሙያው ውስጥ የታወቀ ነው። ያንን ሥልጣን የሚሰጡት ስህተት እንደሚኖር ስለሚያውቁ ነው። ሥልጣኑ ግን ችግሩን ካልሰማ ሰው እጅ ላይ ምንም አይሠራም።

እኔን በሥራ ዘመኔ ያሳመመኝ የሚቆጣ እንግዳ አይደለም። ፈገግ ብሎ «ሁሉም ጥሩ ነበር» ብሎኝ የሄደና ከሳምንት በኋላ ኢንተርኔት ላይ ሦስት ሌሊት እንዳልተኛ የጻፈ እንግዳ ነው። እኔ እዚያው ነበርኩ። በየቀኑ ሰላም እለው ነበር።

ዝም_ባይ | ጠዋት 2፡20

አባቴ፣ ያሉት ገብቶኛል፤ አክብሬዎታለሁ። አንድ ነገር ግን ይመለስልኝ። ያ የመገናኛ በር ያለው ክፍል ድምፅ እንደሚያስገባ ሆቴሉ ያውቃል። ለምን ለእነሱ ተሰጠ? ብዙ ጊዜ ለሚመላለስ ነጋዴ ይሰጡት ነበር?

ሌሊት_ፈረቃ | ጠዋት 2፡34

እውነቱን ልናገር። አይሰጡትም። ክፍል የሚደለደለው ከአንድ ቀን በፊት ወይም የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው። መጀመሪያ የደንበኝነት ካርድ ያላቸው ይደለደላሉ፣ ቀጥሎ በቀጥታ ከሆቴሉ የያዙት፣ ቀጥሎ የተለየ ጥያቄ የጻፉት። ከሊፍት አጠገብ ያለውና የመገናኛ በር ያለው ክፍል እየተንከባለለ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ምንም ላልጠየቀ፣ በሌላ ድርጅት ድረ ገጽ በኩል ለያዘ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው ነው። ማንም ቤተሰቡን ልጉዳ ብሎ አያደርገውም። ግን ሲደጋገም አይቻለሁ፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ልክ አይደለም።

የእማዬ_ልጅ | ጠዋት 3፡15

እኛ የያዝነው በድረ ገጽ በኩል ነበር። ምንም አልጠየቅንም። «ክፍል ስጡኝ» እንጂ «እንዲህ ያለ ክፍል ስጡኝ» ይባላል ብዬም አላሰብኩም።

@ዝም_ባይ ስለ እኛ መቆርቆርህን አመሰግናለሁ። ሁለታችሁም ልክ የሆናችሁ ይመስለኛል፤ የክፍል አሰጣጡ እንዲህ ባይሆን ጥሩ ነበር፣ እኔም መናገር ነበረብኝ።

እማዬ ገና አሁን ተነሳች። እስከ 3 ሰዓት ስትተኛ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻት አላውቅም።

ሻንጣዬ_ዝግጁ | ጠዋት 3፡40

ለሥራ በዓመት ከ80 ሌሊት በላይ ሆቴል አድራለሁ፤ ለሚቀጥለው ጊዜ የሚረዳ ልጨምር።

በድረ ገጽ ከያዛችሁም በኋላ ከመግባታችሁ ሁለት ቀን አስቀድማችሁ ለሆቴሉ በቀጥታ ጻፉ ወይ ደውሉ። «ጸጥ ያለ ክፍል» ብቻ አትበሉ፤ ከሊፍት የራቀ፣ የመገናኛ በር የሌለው፣ ከጣሪያው ባርና ከስፖርት ማዘውተሪያው ሥር ያልሆነ በሉ። ከፍ ያለ ፎቅ ከመንገድ ድምፅ ያርቃል፣ ግን ጣሪያው ላይ ማቀዝቀዣ ሞተር ካለ የመጨረሻው ፎቅ ይብሳል። የማን ስም ላይ ማስታወሻው እንደተጻፈ ጠይቁ፤ አንዳንዴ የያዘው ሰው ስምና የሚያድረው ሰው ስም ስለሚለያይ ጥያቄው ይጠፋል።

የውሃው ድምፅ ደግሞ ምክንያት አለው። ኤልስወርዝ ስታትለር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1908 ቡፋሎ ውስጥ በሠራው ሆቴል ለእያንዳንዱ ክፍል መታጠቢያ ለመስጠት ሲል የሁለት ክፍል መታጠቢያ ቤቶችን ጀርባ ለጀርባ አድርጎ ቧንቧቸውን በአንድ ቀዳዳ አስተላለፈ። ወጪ ስለሚቆጥብ ዓለም ሁሉ ተከተለው። ስለዚህ አልጋችሁ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ የተጠጋ ከሆነ የጎረቤታችሁን ሻወርም ትሰማላችሁ። ቅንጡ ቤት ውስጥ ግድግዳው ይወፍራል እንጂ አሠራሩ ያው ነው።

«እኔ ነኝ ወይስ እውነት ይጮኻል» ብላችሁ የምትጠራጠሩ ካላችሁ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ የመኝታ ክፍል ያልተቋረጠ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። የሰው ሹክሹክታ ያህል ማለት ነው። የጎረቤት ቴሌቪዥን ቃል በቃል ከተሰማ ከዚያ ሳያልፍ አይቀርም።

ሂሳብ_ጠባቂ | ረፋድ 4፡30

የካርዱን ጥያቄ ማንም አልመለሰላትም። እኔ ባንክ ውስጥ የካርድ ክፍል ነው የምሠራው።

ሆቴሉ ገንዘብሽን አልወሰደም፤ ይዞታል። ስትመዘገቢ የክፍሉን ዋጋና ለተጨማሪ ወጪ የሚሆን መጠባበቂያ አስልቶ ለባንክሽ «ይህን ያህል አግድልኝ» ይላል። የምትወጪበት ቀን እውነተኛውን ሂሳብ ብቻ ያስከፍላል፣ የቀረውን ይለቃል። ችግሩ ካርድሽ ዴቢት መሆኑ ላይ ነው። ክሬዲት ካርድ ቢሆን የሚታገደው የመበደር ጣሪያሽ ነበር፤ ዴቢት ሲሆን ግን የራስሽ ገንዘብ ነው የሚታገደው። የባንኩ መልእክትም ብዙ ጊዜ «ታግዷል» ማለት ሲገባው «ተቀንሷል» ይላል።

ዛሬ ሂጂና ትክክለኛውን የታገደ መጠን ጠይቂ፤ በቀን ስንት ብለው እንዳሰሉትም ይንገሩሽ። ከሚኒባር (ክፍል ውስጥ ካለው የመጠጥ ማቀዝቀዣ) እና ከምግብ ቤት ምንም ወደ ክፍላችን አይመዝገብ፣ የምንጠቀመውን እዚያው እንከፍላለን ብትያቸው መጠባበቂያውን የሚቀንሱ ሆቴሎች አሉ። ስትወጪ ደግሞ በሌላ ካርድ ወይም በጥሬ ገንዘብ ከከፈልሽ የመጀመሪያው እገዳ እንዲለቀቅ አስታውሺያቸው። ሆቴሉ በዕለቱ ቢለቀውም ባንኩ ጋ እስኪነበብ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ለመመለሻሽ የሚሆን ገንዘብ በሌላ ቦታ ይኑርሽ።

አገር ውጭ ያላችሁ ደግሞ፣ የክፍያ ማሽኑ «በአገርዎ ገንዘብ ይክፈሉ?» ካላችሁ እምቢ በሉና ሆቴሉ ባለበት አገር ገንዘብ ክፈሉ። ያኛው ምንዛሪ ባብዛኛው ይጎዳችኋል።

የእማዬ_ልጅ | ዓርብ፣ ከቀኑ 8፡10

@ሂሳብ_ጠባቂ እግዜር ይስጥልኝ። ጠየቅኩ፣ እንዳልከው ነው። ሚኒባሩን ቆለፉልንና መጠባበቂያውን በግማሽ ቀነሱልኝ። የተለቀቀው ግን አካውንቴ ላይ ገና አልታየም።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ። ቁርስ በልተን ስንመለስ እማዬ ቀድማኝ ገብታ አልጋውን አንጥፋ አገኘኋት። አንሶላውን ጠርዝ ለጠርዝ ገጥማ፣ ትራሶቹን አራግፋ፣ ፎጣዎቹን በአራት አጥፋ። መታጠቢያውን ሳይቀር በእጅ ፎጣ አድርቃዋለች። «ያቺ ልጅ መጥታ የእኔን ጣጣ ታጽዳ እንዴ?» አለችኝ። የምታጸዳውን ሴት ኮሪደር ላይ አይታት ነበር። «የተማሪዬን እናት ትመስላለች» ነው ያለችኝ። ተይ ማለት ከበደኝ፤ ዕረፍት ይሁንላት ብለን አምጥተናት ሥራ ይዛለች። ምን ልበላት?

አንሶላ_ቀያሪዋ | ከቀኑ 9፡25

እናትሽን ሳሚልኝ። እኔ ክፍል አጸዳለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በአንድ ፈረቃ 14 ክፍል ይደርሰኛል፤ እንግዳ የሚወጣበት ክፍል ሲሆን ደግሞ ጊዜው እጥፍ ነው።

በፍቅር ንገሪያት እንጂ አልጋ ማንጠፏ እኛን አያሳርፈንም። እንግዳው ያነጠፈውን ማፍረስ አለብን፤ አንሶላው ይቀየር አይቀየር፣ ሥሩ የቀረ ዕቃ፣ የጆሮ ጌጥ፣ መነጽር ይኑር አይኑር ማየት አለብን። ፎጣም እንዲሁ፤ ታጥፎ ከተሰቀለ «እንደገና እጠቀምበታለሁ» ማለቷ ነው ብለን እንተወዋለን። እንዲቀየርላት ከፈለገች መሬት ላይ ወይም ገንዳው ውስጥ ትተወው።

የሚረዳን ይህ ነው። ቆሻሻውን አንድ ቦታ ማድረግ። ልብስና ቦርሳ ከአልጋው ላይ ማንሳት፤ የሰው ዕቃ መንካት ያስፈራናል፣ አንድ ነገር ቢጠፋ መጀመሪያ የምንጠየቀው እኛ ነን። ግማሽ ሰዓት ወጣ ብሎ መመለስ። «አትረብሹኝ» የሚለውን ምልክት በሩ ላይ ረስቶ አለመሄድ፤ ማታ ሲመለሱ «ክፍላችን አልጸዳም» የሚሉት ባብዛኛው ምልክቱን የረሱት ናቸው። ደግሞ ምልክቱ ቀኑን ሙሉ ከዋለ ብዙ ሆቴሎች ለደኅንነት ሲሉ አንኳኩተው ያያሉ፤ ቢንኳኳባችሁ አትደንግጡ።

ጉርሻ እንደ አገሩ ይለያያል፤ ጃፓን ውስጥ ለምሳሌ የተለመደ አይደለም። በሚሰጥበት አገር ከሆናችሁ ግን በመጨረሻው ቀን ጠቅልላችሁ አትስጡ። የዛሬዋ ልጅ ነገ ዕረፍት ልትሆን ትችላለች። በየቀኑ ትንሽ፣ ትራስ ላይ፣ «ለክፍሉ አጽጂ» የሚል ብጣሽ ወረቀት ተደርጎበት። ወረቀት ከሌለው የተረሳ ገንዘብ ነው ብለን አንነካውም።

አንድ ነገር ደግሞ እናትሽ ታደርግ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ኮሪደር ላይ ስታገኛት ሰላም ትበላት። ጋሪ ስንገፋ ብዙ ሰው በጎናችን ሲያልፍ የሚያየው ጋሪውን ነው።

የእማዬ_ልጅ | ከምሽቱ 1፡40

አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ ተነሥታ ያነጠፈችውን አልጋ ራሷ አፈረሰችው፤ ፎጣዎቹንም ገንዳው ውስጥ አኖረቻቸው። ከመነጽር ቤቷ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት አውጥታ በዚያ በጥቁር ሰሌዳ የእጅ ጽሑፏ ስትጽፍ አየኋት፤ ምን እንደጻፈች አላሳየችኝም። ከሰዓት በኋላ ሴትየዋን ኮሪደር ላይ አግኝታ ቆመው ሲያወሩ ሊፍቱን ሁለቴ አሳለፍነው።

ሻንጣዬ_ዝግጁ | ከምሽቱ 2፡05

የሚያስደስት ነው። ለመውጫው ቀን፦ ሂሳቡን ከመነሻችሁ ማታ አስቀድማችሁ ጠይቁና ክፍል ውስጥ ተረጋግታችሁ አንብቡ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ሆኖ ማንም አያነብም። መውጫው ብዙ ቦታ ቀን 5 ወይም 6 ሰዓት ነው፤ ዘግይቶ መውጣት ከፈለጋችሁም ያን ማታ ጠይቁ፣ ካልሞላ ይፈቅዳሉ። ባይፈቅዱም ሻንጣውን ተቀብለው ያቆዩላችኋል፤ ከወጣችሁም በኋላ ብዙ ቦታ ሎቢ ውስጥ መቀመጥ ትችላላችሁ።

የእማዬ_ልጅ | እሑድ፣ ከቀኑ 7፡30

ወጣን። ሂሳቡን ማታ አስመጥቼ አነበብኩት፤ ከሚኒባር የተጠጣ ውሃ ተጽፎብናል። ሚኒባሩ ደግሞ ከዓርብ ጀምሮ ተቆልፏል። ከዚህ ቀደም ቢሆን «ትንሽ ነገር ናት» ብዬ እከፍል ነበር። ወርጄ ነገርኳቸው፣ ወዲያው ሰረዙት። ያን ያህል ቀላል ነበር።

እማዬ ደግሞ የአስተያየት ወረቀት ጠየቀች። የዚያን ሌሊቱን ሰው ስም ከደረቱ ላይ አንብባ ይዛው ኖሯል። ስለ ጫማው ጻፈች። ስለ አራተኛው ፎቅ ክፍልም ጻፈች፦ የመገናኛው በር ድምፅ እንደሚያስገባና አረጋዊ ሰው እንዳይሰጠው። ሁለቱንም በአንድ ገጽ፣ ቁጥር አድርጋ።

@ሌሊት_ፈረቃ እንዲህ ያለ ወረቀት የሚያነበው አለ?

ሌሊት_ፈረቃ | እሑድ፣ ከሌሊቱ 7፡15

አለ። ስም ያለበትን ማናጀሩ ጠዋት ስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ ያነበዋል፣ ከዚያ የሠራተኛ ማደሪያና ልብስ መቀየሪያው በር ላይ ይለጠፋል። እኔ እንዲህ ያለ ሁለት ደርሶኛል፤ ሁለቱንም ቤቴ አስቀምጫቸዋለሁ። ስለ ክፍሉ የጻፈችው ደግሞ ለጥገና ክፍል ይሄዳል። የበሩን ሥር ጎማ ለመቀየር አንድ የተጻፈ ቅሬታ ሲጠብቁ የነበሩ ሊሆኑ ይችላሉ።

ዝም_ባይ | ሰኞ፣ ጠዋት 2፡00

አሁን የማድረው ሆቴል ውስጥ የማቀዝቀዣው ቱቦ ሌሊቱን ሁሉ ሲንጠባጠብ አደረ። ከመውጣቴ በፊት ወርጄ እነግራቸዋለሁ። ምን ብዬ ልጀምር?

የድሮ_ቁልፍ | ሰኞ፣ ጠዋት 2፡10

የክፍልህን ቁጥር በል፣ ከዚያ «ከማቀዝቀዣው ውሃ ይንጠባጠባል፣ ሌሊቱን አልተኛሁም፣ ዛሬም እዚሁ አድራለሁ» በል። ዛሬም እንደምታድር መናገሩን አትርሳ፤ ጥገናውን ከመውጣትህ በኋላ እንዳያደርጉት።

የእማዬ_ልጅ | ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡20

ለመዝገቡ ያህል፦ የታገደው ገንዘብ ዛሬ ተለቀቀ፤ ከወጣን በስድስተኛው ቀን መሆኑ ነው። ሆቴሉ በዕለቱ እንደለቀቀው የሚያሳይ ደረሰኝ ስለሰጠኝ ባንኬ ጋ ደውዬ ቁጥሩን ነገርኳቸው፣ በማግስቱ ገባ። ደረሰኙን ሳትቀበሉ አትውጡ።